ቅርፊቱን ከአሸዋው አታንሳ

ሆኗል።

ይህን ቃል አስቀድሜ የምጽፈው መጨረሻው ላይ ስትደርሱ «ይሄ ሰው ጠጥቶ ነው» እንዳትሉኝ ነው። በዕድሜዬ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነኝ።

የሆነውም በጨለማ አይደለም። ቅዳሜ፣ ግንቦት ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ፍሎሪዳ መሃል፣ እኛ ኮረብታው በምንለው አሸዋማ መሬት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት... የእትዬ አይዴላ ቤት በረንዳ ላይ።

ከበረንዳው በፊት ግን ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ልንገራችሁ።

ኦሪን እባላለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። መተዳደሪያዬ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ መጠገን ነው፤ ልቤ ያለው ግን የእሳት እራቶች ጋ ነው። ትልልቆቹን ማንም ያውቃቸዋል። እኔ የምወዳቸው ሰው መጋረጃው ላይ አይቶ በመዳፉ ጨፍልቆ የሚያልፋቸውን፣ እነዚያን ጥቃቅኖቹን ነው።

ያስተማረኝ የለም። ከቤተ ክርስቲያን የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ አንድ መጽሐፍና አንድ አጉሊ መነጽር ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ እነሆ ሃያ ሁለት ዓመት።

አሁን በአካባቢያችን ትንሽ ነገር ስትበር ያየ ሁሉ በጠርሙስ ከቶ ያመጣልኛል። «ኦሪን፣ ይቺ ማን ናት?» ይለኛል። ሳውቃት እናገራለሁ። ሳላውቃት አላውቃትም እላለሁ። ያላረጋገጥኩትን ስም ጽፌ አላውቅም። ለእኔ በሐሰት መመስከር ነው።

የሥራው ወግ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዷ በቀጭን መርፌ ትሰካለች። ከሥሯ ጥፍር የምታክል ወረቀት ትደረጋለች። ወረቀቷ ላይ አራት ነገር ይጻፋል።

የት ተገኘች። መቼ። ከምን ወጣች። ማን አገኛት።

ይቺን ወረቀት አደራ አትርሷት።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እትዬ አይዴላ ናቸው፤ የሰባ አንድ ዓመት አሮጊት፣ በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዬ። ዛሬም ድረስ ለእሳቸው ልጅ ነኝ።

«አንተ ልጅ፣ ብል ገብቶብኛል።»

«የት ነው የገባብዎት?»

«ዴልማር ክፍል ነዋ! ሸሚዞቹን በልቶ ሳይጨርስብኝ ድረስልኝ።»

ያ ክፍል ከተዘጋ አምስት ዓመቱ ነው።

ዴልማር ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሁለቱም ሳያገቡ በአባታቸው ቤት አብረው አረጁ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ልክ በዚህ በግንቦት፣ ባልዲ አንጠልጥሎ ከቁጥቋጦው የዱር ፍሬ ሊለቅም ወጣ። «ስመለስ ኬክ ትጋግሪልኛለሽ» አላቸው። ምድጃውን ለማሞቅ ሰዓት አዩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

አልተመለሰም።

ፖሊሶች በውሻ ፈለጉት። እኛም ተሰልፈን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ቁጥቋጦውን አሰስነው። ባልዲው እንኳ አልተገኘም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ አይዴላ ከደጃፋቸው የፖስታ ሣጥን አልፈው አያውቁም። ቢመጣና በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? በየማታው ማዕድ ሲቀርብ ለእሱም ሳህን ይቀመጣል።

ዘንድሮ ደግሞ ልባቸው ታመመ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። ሐኪሙ በዚህ ወር ታምፓ ሄደው ልባቸው በቀዶ ሕክምና ካልተጠገነ ገናን አያዩም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው።

እሳቸው ግን ያው ናቸው። «እሱ ሳይመጣ፣ ወይ ሬሳው ሳይመጣ፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!»

ፓስተር ሩፈስ ለመኗቸው። የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ማኅበር ሴቶች ለመኗቸው። እኔም ለመንኩ። እምቢ አሉ።

እንግዲህ ሰኞ የሄድኩት ለብል ብቻ እንዳልነበር ይግባችሁ።

በረንዳው ላይ ስኳር የበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ ይዘው ጠበቁኝ።

«እስካሁን ሚስት አላገኘህም?»

«መብራት ሳበራ የእሳት እራት ይመጣል እንጂ ሚስት አልመጣችም።»

«መብራቱን አጥፋው እንግዲያ! ፊትህን አይተው እኮ ነው የሚሸሹት።»

ሳቁና ሳሉ። ሳል ሲይዛቸው የበረንዳውን ምሰሶ ጨብጠው ቆዩ። ከዚያ የክፍሉን በር ከፈቱልኝ።

ሸሚዞቹ በመደዳ ተሰቅለዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዲት ቀዳዳ የለችም።

ግድግዳው ላይ ግን አሉ... ሰባት ትናንሽ የእሳት እራቶች።

ሰባቱም ራሳቸውን ወደ ምሥራቁ መስኮት አዙረዋል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አልኩ።

«ሁልጊዜ።»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኦሪን... የሚወጡት ደግሞ በሰዓት ነው።»

«በስንት ሰዓት?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የዴልማርን ሰዓት በአገጫቸው አሳዩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

ቆመን ጠበቅን።

ደቂቃ አልሞላም። ከአልጋው ሥር አንዲት ወጣች። በእግሯ ነው የመጣችው። ወለሉን አቋርጣ፣ ግድግዳውን ወጥታ፣ ከሌሎቹ ጎን ተሰልፋ ወደ ምሥራቅ ዞረች።

ሦስቱን በጠርሙስ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የልብስ ብል ወርቃማ ናት፤ ታብለጨልጫለች። ይቺ ግን ከእሷ ተለቅ ያለች፣ ክንፏ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል የመሰለ፣ ራሷ ላይ ጸጉሯ የቆመ ነበረች። ገና ሳያት ስሟ ምላሴ ላይ መጣ። አልጻፍኩትም። ጥቃቅኖቹን በክንፍ ብቻ መለየት ሞኝነት ነው፤ ክንፍ ያታልላል። የወንዱን የሆድ ጫፍ ቆርጦ፣ በመድኃኒት አጥቦ፣ በመነጽር ሥር ማየት ግድ ይላል። እንደ ቁልፍ ነው፤ የአንዱ ጥርስ ከሌላው አይገጥምም።

አየሁ። ደግሜ አየሁ። ሦስተኛም አየሁ።

የኤሊ ብል ናት።

እሷን የማያውቅ ላይገርመው ይችላል። የእኛ አገር ኤሊዎች አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሰው የሚኖሩ ናቸው። አንዱ ሲሞት ሥጋው ያልቅና ቅርፊቱ አሸዋው ላይ ይቀራል። የዚች ብል ትሎች ያን ቅርፊት ከሥሩ ይበሉታል። ከሐርና ከአሸዋ እርሳስ የሚያህል ቱቦ ሠርተው ከቅርፊቱ ወደ መሬት ይወርዳሉ። ከጎን ሆኖ ላየው፣ የሞተው ኤሊ ሥር ያበቀለ ይመስላል።

ለዚህ ነው የእሳት እራት በምንለቅም ሰዎች ዘንድ አንድ ሕግ ያለው፦ ቅርፊቱን ከአሸዋው አታንሳ። ካነሳኸው ሥሩ ይበጠሳል።

ሕያው ኤሊ ላይ አትወጣም። ሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ምግቧ አንድ ነው... የሞተ አካል ቅርፊት። ጥፍርም፣ ጸጉርም፣ የኤሊ ቅርፊትም ከአንድ ነገር የተሠሩ መሆናቸውን አውቃለሁ። ያን ሌሊት ባላውቀው ብዬ ተመኘሁ።

ማክሰኞ ተመለስኩ።

«እትዬ አይዴላ፣ ቤቱ ውስጥ የኤሊ ቅርፊት አለ?»

«ኧረ በስመ አብ! እማዬ መቼ ታስገባና። ‹ባለቤቱ የሞተበትን ቤት ቤታችን አታምጡ› ነበር የምትለን።»

እሳቸው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። እኔ ባትሪዬን አብርቼ ከዴልማር አልጋ ሥር ተንበረከክሁ።

ቱቦዎች።

ከወለሉ ሳንቃ መጋጠሚያ እየወጡ፣ ቀጥ ብለው ሽቅብ ሄደው፣ ከፍራሹ ሥር ተጣብቀዋል። መቶ ይሆናሉ። ከዚያም ይበልጣሉ።

አንዱን በጣቴ ጫፍ ዳሰስኩት። አሸዋው ነጭ ነው።

የእትዬ አይዴላ ግቢ አሸዋ ቢጫ ነው። የመንገዱም ቢጫ ነው። ነጭ አሸዋ ያለው ሁለት ማይል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነው፤ ዴልማር ፍሬ ሊለቅም በሄደበት ቁጥቋጦ ውስጥ።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ከነጩ አሸዋ ጋር የተሸመነ ቀይ ክር አለ።

«እትዬ አይዴላ!» ብዬ ተጣራሁ። «ዴልማር ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

የሳህን ድምፅ ቆመ።

«ቀዩን ሸሚዙን። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ይኸውላችሁ ጥፋቴ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቅርፊት ከአሸዋው አንስቼ አላውቅም። ለሌላውም «እጅህን ሰብስብ!» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ቱቦዎቹ እንዲሁ የተበተኑ እንዳልሆኑ አየሁ። በሥርዓት ቆመዋል። ከላይ ሆኜ ላያቸው ፈለግሁ። እጄ ከልቤ ቀደመ።

ፍራሹን አነሳሁት።

ክርርርርር... አለ። አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚለው።

ወለሉ ላይ የተቆረጡት ጫፎች ቀሩ። ሁለት እግር። ጎን ለጎን የተዘረጉ ክንዶች። ራስ። በጀርባው የተኛ የሰው ልክ።

ከማድ ቤት የእትዬ አይዴላ ድምፅ መጣ።

«አቤት?»

«ምን አሉኝ?»

«ጠራኸኝ እኮ።»

«እኔ አልጠራሁም።»

«አትቀልድ አንተ ልጅ። ‹አይዲ› ብለህ ጠራኸኝ።»

አይዲ ብሎ የሚጠራቸው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፍራሹን ቀስ ብዬ መለስኩት። ማድ ቤት ገብቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ንገረኝ» አሉ። «ሳትሸፋፍን።»

ነገርኳቸው። ስሟን፣ ምግቧን፣ ነጩን አሸዋ፣ ቀዩን ክር። የፍራሹን ነገር ግን ዋጥኩት።

«ሕያው ነገር ትበላለች?»

«አትበላም።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

«አንተስ? ስም ስታወጣ ተሳስተህ ታውቃለህ?»

«በሌላ ተሳስቻለሁ። በዚች ግን አልሳሳትም።»

የዴልማርን ሳህን አነሱ። አጠቡት። አደረቁት። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

«እንግዲያው ሞቷል» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀሱ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከማዳመጥ ሌላ የምችለው አልነበረም።

ፖሊሶቹ በቃሌ ተነስተው ሁለት ቀን ነጩን አሸዋ ፈለጉ። ምንም የለም። እትዬ አይዴላ ግን ልባቸው ቆርጦ ነበር። ቅዳሜ የዴልማር ስንብት ይደረጋል፤ እሑድ እኔ በፒክአፕ መኪናዬ ታምፓ አደርሳቸዋለሁ። ሻንጣቸውን ራሳቸው አዘጋጁ። እኔም ማታ ተንበርክኬ ነፍሳቸውን ስላተረፈልኝ አምላኬን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጃፋቸው ወጡ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን በእጃቸው አኖርኩ።

ሸሚዞቹን በእንጨት ሣጥን ከተን ቀበርን። ዘመርን። የጸሎት ሴቶቹ የተጠበሰ ዶሮና ኬክ አቀረቡ፤ በላን። ከዚያ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው።

መኪናዬን ሳቆም ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

በረንዳው ላይ፣ በዴልማር ተወዛዋዥ ወንበር ላይ፣ ሰው ተቀምጧል።

ቀይ ሸሚዝ ለብሷል።

ከወንበሩ አጠገብ ባልዲ አለ።

እትዬ አይዴላ ጮኹ። ደረጃ መውጣት ያቅታቸው የነበሩት ሴት እየሮጡ ወጡ። አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

እሱ አልተነሳም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዳዞረ ነው።

«አይዲ» አለ። «በሩን ምነው ዘጋሽው?»

ይህን ቃል በጆሮዬ ሰማሁት። የእትዬ አይዴላን ልቅሶ አሁንም እሰማዋለሁ።

ቀርቤ እጄን ዘረጋሁ። ያን ቀን ሙቀቱ ከሠላሳ አምስት በላይ ነበር፤ ሁላችንም በላብ ተጠምቀናል። የዴልማር እጅ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። እንደ ቅርፊት።

«እንደምን አሉ፣ ወንድም ኦሪን?» አለኝ።

ዴልማር በሕይወቱ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንተ ቢራቢሮ ለቃሚ!» ነበር የሚለኝ። አንቱ ማለት ከወዴት መጣ?

እትዬ አይዴላ ምድጃ ሊያሞቁ ሲገቡ ጎንበስ አልኩ።

«የት ነበርክ?» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«እዚሁ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ?»

ዓይኑን ከቁጥቋጦው አቅጣጫ አላነሳም።

«ተኝቼ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ያነሱኝ እርስዎ ነዎት።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚወዛወዘው ወንበር አንዴም አልተወዛወዘም።

ወሬው በአንድ ቀን ኮረብታውን አዳረሰ። ሰዉ ለማየት ጎረፈ። «ደክሟል፣ ትንሽ ዝም ብሏል» እየተባባሉ ተመለሱ። እኔ መሳቂያ ሆንኩ። ነዳጅ ማደያው ላይ አንዱ «ኦሪን፣ ከቤቴ ዝንብ ገብታለች፤ አማቴ ትሞት ይሆን?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ፓስተር ሩፈስ ትከሻዬን ቸብ አድርገው «ሁላችንም እንሳሳታለን፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ማታ ማታ የእሳት እራቷን አወጣሁ። ሰባት ጊዜ መረመርኳት።

ያቺው ናት።

በስንብቱ ማግስት፣ እሑድ፣ ታምፓ አልሄድንም። ደጅ ቆሜ ለመንኳቸው።

«ቀጠሮው ያልፋል እትዬ አይዴላ። ልብዎን ያስቡ።»

«እሱ መጥቶልኝ ትቼው ልሂድ?» ሳቁ። «ይልቅ ተሳስቼ ነበር በለኝ። በል እንጂ። አንዴ።»

ማለት ነበረብኝ። ወይም እውነቱን ጮኼ መናገር ነበረብኝ። ሁለቱንም አልቻልኩም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሳልሄድ ቀረሁ። ፈራሁ፤ ሐሰት ምን ያደርጋል። የቀጠሮው ቀን አለፈ። ባለፈው ሐሙስ ግን ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና ሄድኩ።

ሁለቱም በረንዳው ላይ ነበሩ። ጎን ለጎን። በሁለት ተወዛዋዥ ወንበሮች። ፊታቸው ወደ ምሥራቅ።

«መጣህ አንተ ልጅ!» አሉ እትዬ አይዴላ። አልዞሩም። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ኬክ አለልህ። ዴልማር በለቀመልኝ ፍሬ ነው የጋገርኩት።»

ባልዲውን አየሁ። ከግማሽ በታች ሆኗል። በውስጡ ያለው ነጭ አሸዋ ነው።

ኬኩን በሹካ ነካሁት። ከሹካው ላይ ሸርተት እያለ ፈሰሰ። ለማንም ሳላሳይ ሳህኑን አስቀመጥኩት።

«ተሽሎዎታል?» አልኩ።

«ድኛለሁ እንጂ! ድሮ ሌሊት ሌሊት ልቤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር የሚያደርገው። አሁን ድምፁም የለ።»

«ምንም ድምፅ?»

«ምንም። አንተ አድማጭ አይደለህ? ጠጋ በልና አድምጥ።»

አልተጠጋሁም።

ከንፈራቸውን ግን አየሁ። ሰማያዊነቱ ለቋል። ምንም መልክ የለውም።

ሹካው ከእጄ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

ከጫማቸው ተረከዝ... ከቀሚሳቸው ጠርዝ... ከወንበሩ ሥር...

ቱቦዎች። ነጭ። በሳንቃው መጋጠሚያ ገብተው ወደ መሬት ወርደዋል። ቢጫውን አሸዋ ልክ እንደ ሥር ይዘውታል። አንዱ ውስጥ ከጥቁር ቀሚሳቸው የተመዘዘ ክር አለ።

ብድግ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እንሂድ እትዬ አይዴላ። አሁኑኑ። ይነሱ።»

ትንሽ ሳብኳቸው። በጣም ትንሽ።

ክርር... አለ።

ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ አልተለወጠም። ዴልማርም አልዞረም። ድምፃቸው ብቻ፣ ያው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ መጣ።

«ተው ልጄ... አታንሳኝ።»

ለቀቅኋቸው።

እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ነበር። ከአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ተሳበች። ክንፏን ዘረጋች። አደረቀችው። ራሷን ወደ ምሥራቅ አዞረች።

የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነው... እጄ ሳላዝዘው ከኪሴ ጠርሙስ አውጥቶ ያዛት።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ እንጸልያለን፤ ለሞተ አንጸልይም። ባለፈው እሑድ ፓስተር ሩፈስ «ዛሬ ለማን እንጸልይ?» ብለው ሲጠይቁ ተነሳሁ። ስማቸውን ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ተቀመጥኩ።

የእሳት እራቷ አሁን ፊቴ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በመርፌዋ ላይ ናት። ወረቀቷን ጽፌአለሁ። የት እንደተገኘች ጽፌአለሁ። መቼ እንደሆነ ጽፌአለሁ። ማን እንዳገኛት ጽፌአለሁ።

ሦስተኛዋ መስመር፣ ‹ከምን ወጣች› የምትለዋ፣ ባዶ ናት።

መነጽሬን አውልቄ መልሼ ሳደርግ፣ ወደ እኔ አዙሬ የሰካኋት ብል ወደ ምሥራቁ መስኮት ዞራለች።